ሳጥን ውስጥ የቆየው ባንዲራ
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በጥቅምት ወር የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ከተከበረ ወዲህ ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት በዚሁ ጉዳይ ላይ የተጻፉ ናቸው። ስለ ሰንደቅ ዓላማችን ብዙ ይነገራል፣ ብዙም ሙግት ይካሄዳል፤ እንዴት እንደሚሰቀል፣ እንዴት እንደሚወርድና እንዴት እንደሚታጠፍ ቁጭ አድርጎ የሚያስተምር ሰው ግን እየጠፋ መሆኑን ከደብዳቤዎቹ ተረድተናል። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ «እናቴ ካረፈች በኋላ ሳጥኗን ስንከፍት ከነጠላዋ ሥር ታጥፎ የተቀመጠ ባንዲራ አገኘን። ሦስት ቁራጭ አቡጀዲ በእጅ ተሰፍቶ የተጋጠመ ነው፤ ምንም ዓርማ የለበትም። ቀዩ ደብዝዞ የሸክላ መልክ ይዟል፣ እጥፋቱም ላይ ሳስቷል። እናቴ የአያቴ መሆኑን እንጂ የየትኛው ዘመን እንደሆነ አልነገረችንም። ወንድሜ ደግሞ ዓርማ ስለሌለው ቤት ማስቀመጡም ያስጠይቃል ይላል። ዘመኑን በምን እናውቃለን? ምንስ እናድርገው?» (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እናትዎን ነፍስ ይማር። ባንዲራውን ከነጠላ ሥር ማስቀመጣቸው ራሱ ስለ እሳቸው ብዙ ይናገራል።

ዓርማ የሌለበት መሆኑ ብቻውን ዘመኑን አይነግርዎትም፤ ምክንያቱም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ብቻውን በአንድ ዘመን ብቻ የተውለበለበ አይደለም። ሦስቱ ቀለማት በመጀመሪያ እንደ ሦስት የተለያዩ ጠባብ ሰንደቆች ለየብቻ ይያዙ እንደነበር ይታወቃል። በአንድ ጨርቅ ላይ ተጋጥመው የመንግሥት ሰንደቅ ዓላማ የሆኑት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ በሰፊው የሚጠቀሰው ጊዜ መስከረም 1890 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ከዓድዋ ድል በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው። ከዚያ ዘመን ከቀሩት መካከል በቢጫው ላይ «ም» የምትለው ፊደል የተጻፈበት ይገኛል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ስም መነሻ ናት። በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በቤተ መንግሥትና በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ላይ ዘውድ የደፋውና የመስቀል ዘንግ የያዘው የይሁዳ አንበሳ ያለበት ሲሰቀል፣ ሕዝቡ በየቤቱና በየበዓሉ የሚይዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የሌለው ባለ ሦስት ቀለም ነበር።

እርስዎ የሚኖሩበት ሰፈር ለዚህ ታሪክ ቅርብ ነው። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው ወደ ዋና ከተማቸው የገቡትም ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በየቀኑ የሚያልፉበት የአራት ኪሎ ሐውልት የቆመው ለዚህ ቀን ነው። በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ የኢትዮጵያን ባንዲራ ቤት ውስጥ ደብቆ ማቆየት ቀላል ነገር አልነበረም። የአያትዎ ጨርቅ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ሊሆን እንደሚችል ግን አስበው ይያዙት።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ደርግ በመጀመሪያ ዘውዱን ከአንበሳው ራስ ላይ አነሳ፣ መስቀሉንም በጦር ተካው፤ ቀጥሎ አንበሳው ራሱ ቀረ። በ1980 ዓ.ም. መግቢያ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲታወጅ የሪፐብሊኩ ዓርማ በመሐል ገባ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ ለጥቂት ዓመታት እንደገና ምልክት የሌለው ሰንደቅ ተውለበለበ። ደራርቱ ቱሉ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝታ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋር ሜዳውን ስትዞር የያዘችው እርሱን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 ከላይ አረንጓዴ፣ ከመሐል ቢጫ፣ ከታች ቀይ ሆኖ በመሐሉ ብሔራዊ ዓርማ እንደሚኖረው ደነገገ፤ ባለ ኮከቡ ሰማያዊ ክብም በ1988 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 16 መጣ።

እንግዲህ ዘመኑን የሚለዩት በጨርቁ ነው። ክሩን ይመልከቱ፤ ናይለን ወይም ፖሊስተር ከሆነ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣ ነው። በእርስዎ አገላለጽ ግን አቡጀዲ ነው፣ ስፌቱም የእጅ ነው፤ ይህ የቆየ መሆኑን ይጠቁማል እንጂ ቁርጥ ያለ ዓመት አይሰጥም፣ ምክንያቱም በእጅ የሚሰፉ እናቶች በየዘመኑ ነበሩ። አያትዎ አርበኛ፣ ወታደር ወይም አስተማሪ እንደነበሩ ዘመድ አዝማድ ይጠይቁ፤ የሰው ትዝታ ከጨርቁ ይልቅ ዘመን ይናገራል። የሚነግሩዎትንም በወረቀት ጽፈው ከጎኑ ያኑሩት።

ወንድምዎ ያነሱት ጥያቄ ተገቢ ነው። ሕጉ የሚደነግገው ሰንደቅ ዓላማ እንዴት እንደሚሰቀልና እንዴት እንደሚያገለግል ነው፤ ዛሬ በአደባባይ፣ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በበዓል የሚሰቀለው ዓርማ ያለበት ነው። የአያትዎ ግን የቤተሰብ ቅርስ ነውና እንደ ቅርስ ይያዙት። አይጠቡት፤ የድሮ ቀይ ቀለም በውኃ ይለቅና ቢጫውን ያበላሸዋል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያራግፉለት። ፌስታል ውስጥ አይክተቱት፣ እርጥበት ይይዛልና ይሻግታል። በንጹሕ ነጭ ነጠላ ወይም ቀለም በሌለው የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ፀሐይ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት፤ የብል መድኃኒት ካደረጉ ጨርቁን እንዳይነካ ያድርጉ። በየጥቂት ወሩ አውጥተው በሌላ መስመር ያጥፉት። ያ የሳሳው እጥፋት የመጣው ለዘመናት በአንድ መስመር ብቻ ስለታጠፈ ነው። መጠቅለያ ቱቦ ካገኙ ከማጠፍ ይልቅ መጠቅለል ይሻላል። ግድግዳ ላይ ለመስቀል ካሰቡ ደግሞ መስኮት ፊት ለፊት አይሁን፤ የቀረው ቀይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነጭ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ‹ባንዲራ› ብዬ ስናገር አስተማሪያችን ‹ቃሉ የጣሊያን ነው፣ ሰንደቅ ዓላማ በል› ብለው አረሙኝ። አያቴ ግን ሁልጊዜ ባንዲራ ነው የምትለው። አያቴ ተሳስታለች? ደግሞስ ቀለሞቹ ትርጉማቸው ምንድን ነው? እያንዳንዱ ሰው የተለያየ ነገር ይነግረኛል።» (ከፒያሳ)

መልስ፦ አስተማሪህ ስለ ቃሉ አመጣጥ ያሉህ ልክ ነው፤ ባንዲራ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። አያትህም አልተሳሳቱም። የምትኖርበት ሰፈር ስም ፒያሳ ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ትርጉሙ አደባባይ ማለት ሲሆን ማንም ከአፉ አላወጣውም፣ ዛሬ የእኛ ሆኗል። ጣሊያንን የተዋጉት አባቶችም ሳይቀሩ «ለባንዲራችን» ሲሉ ኖረዋል። ስለዚህ ከአያትህ ጋር ስትጨዋወት ባንዲራ በል፣ ፈተና ላይና በጽሑፍ ግን ሰንደቅ ዓላማ ብለህ ጻፍ። ሰንደቅ የሚባለው ጨርቁ የሚሰቀልበት ዘንግ ሲሆን ዓላማ ደግሞ ምልክት ማለት ነው፤ በዘንግ ላይ የወጣ ምልክት፣ ከሩቅ የሚታይ ማለት ነው።

ስለ ቀለሞቹ ሰው ሁሉ የተለያየ የሚነግርህ ትርጉሙ በየዘመኑ እየተደራረበ ስለመጣ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ነው፤ በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 863 ተሻሽሏል። በሕጉ መሠረት አረንጓዴው ሥራን፣ ልምላሜንና ዕድገትን፣ ቢጫው ተስፋን፣ ፍትሕንና እኩልነትን፣ ቀዩ ደግሞ ለነፃነትና ለእኩልነት የተከፈለውን መሥዋዕትነትና ጀግንነት ያመለክታሉ። በመሐል ያለው ሰማያዊ ክብ ሰላም ነው፤ የኮከቡ ቀጥተኛና እኩል መስመሮች የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦችን እንዲሁም የሃይማኖቶችን እኩልነት፣ መስመሮቹ ተጋጥመው ኮከብ መሥራታቸው አንድነትን፣ ከኮከቡ የሚፈነጥቁት ጨረሮችም ብሩህ ተስፋን ያሳያሉ። ፈተና ላይ የምትጽፈው ይህንን ነው።

አያትህ ግን ሌላ ሊነግሩህ ይችላሉ፣ እርሱንም ስማቸው። ብዙ አረጋውያን ሦስቱን ቀለማት ከቀስተ ደመና ጋር፣ እግዚአብሔርም ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ ከሰጠው ቃል ኪዳን ጋር ያያይዟቸዋል። ቀስተ ደመናን የማርያም መቀነት የምንለው በከንቱ አይደለም፤ ጥንት ሰው ያንን ሰማይ ላይ አይቶ እንደ መታጠቂያ አድርጎ አስቦታል፣ ባንዲራውንም ወገቡ ላይ ሲያስር ያንን እያሰበ ነው። ይህ በአዋጅ የተጻፈ አይደለም፣ የሕዝብ እምነት ነው። ሁለቱን ለይተህ ማወቅህ ሁለቱንም እንድታከብር ይረዳሃል። የምታውቃቸው አያት ስላሉህ ዕድለኛ ነህ፤ ዛሬ ማታ ጠይቃቸውና የሚነግሩህን ደብተርህ ላይ ጻፍ።

ጥያቄ፦ «ካዛንቺስ አካባቢ ባለ አንድ የስብሰባ አዳራሽ መድረክ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በቅርቡ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ከግድግዳው ላይ ወደ ታች በቁም ስሰቅለው አንድ ከጋና የመጡ እንግዳ ‹አረንጓዴው በየት በኩል መሆን አለበት?› ብለው ጠየቁኝና መልስ አጣሁ። ኃላፊዬም አያውቁም። የብዙ አገር ባንዲራ ሲኖርስ የኛ የት ይቆማል?» (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ በቁም ሲሰቀል ከላይ የነበረው ቀለም በሚያየው ሰው ግራ በኩል ይሆናል፤ ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡት እንግዶች አንጻር አረንጓዴው በግራ፣ ቢጫው በመሐል፣ ቀዩ በቀኝ ነው። በየሠርጉና በየጉባኤው ተገልብጦ የሚታየው ሰቃዩ ከግድግዳው በኩል ቆሞ በራሱ ቀኝና ግራ ስለሚለካ ነው። ከሰቀሉ በኋላ ወርደው፣ ወደ አዳራሹ መጨረሻ ሄደው፣ ከወንበሮቹ መካከል ዞረው ይመልከቱት።

ጥንቃቄው ትንሽ ነገር እንዳይመስልዎት። ባለ ሦስት ቀለሙን ገልብጠው ቀዩን ከላይ ቢያደርጉት ከ1840ዎቹ ጀምሮ የቦሊቪያ የሆነውን አሰላለፍ ይሰጥዎታል። እንግዳዎ የጋና ሰው መሆናቸውም ጥያቄውን ያነሱበትን ምክንያት ሳይነግረን አይቀርም። ጋና በየካቲት 1949 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ሰንደቅ ዓላማዋን የሠራችላት ቴዎዶሲያ ኦኮ ቀይ፣ ወርቃማና አረንጓዴ ቀለማትን መርጣ በመሐሉ ጥቁር ኮከብ አስቀመጠችበት፤ ቀለማቱ በቅኝ ግዛት ያልተገዛችውን ኢትዮጵያን ያስታውሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ጊኒ፣ ማሊ፣ ሴኔጋል፣ ካሜሩንና ሌሎችም እነዚሁን ሦስት ቀለማት በየራሳቸው አሰላለፍ ያዙ። ከአዳራሽዎ ብዙ ሳይርቅ ያለውና በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመበት ነው፤ የዚያን ዕለት የተሰቀሉትን ሰንደቆች ሲያስቡ ስንቶቹ የእኛን ቀለም ይዘው እንደመጡ ያስታውሱ። አንድ የጋና ሰው አዲስ አበባ ገብቶ አረንጓዴው የት እንደሚቆም ሲጠይቅ ስለራሱም ባንዲራ አመጣጥ እየጠየቀ ነው።

ስለ ቅደም ተከተሉ የምሰጥዎት መልስ አጭር ነው። ሁለት ሰንደቆች ብቻ ሲሆኑ የክብር ቦታው የሰንደቁ የራሱ ቀኝ፣ ማለትም የሚያየው ሰው ግራ ነው። ሦስት ሲሆኑ የአስተናጋጁ አገር መሐል መቆሙ የተለመደ ነው። የብዙ ነፃ አገሮች ሰንደቆች በአንድነት ሲሰቀሉ ሁሉም እኩል ቁመትና እኩል ስፋት ይኖራቸዋል፣ ተራቸውም በአገሮቹ ስም ፊደል ቅደም ተከተል ይሆናል፤ የሁለት አገሮችን ባንዲራ በአንድ ምሰሶ ላይ አንዱን ከሌላው በታች ማድረግ በሰላም ጊዜ ነውር ነው። መጠናቸው የተለያየ ባንዲራዎች ካሉዎት ትልቁን ለማሳጠር አይሞክሩ፤ እኩሎቹን ተውሰው ያምጡ።

ጥያቄ፦ «ለሱቄ ባንዲራ ልገዛ ወጥቼ ሦስት ቦታ ጠየቅሁ፣ ሦስቱም የተለያየ ነው። የትኛው ልክ ነው?» (ከመርካቶ)

መልስ፦ ጨርቁን ዘርግተው በስንዝር ይለኩት። ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ፣ ማለትም 1 ለ2 መሆን አለበት፤ ሦስቱ ቀለማት ስፋታቸው እኩል ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ቢጫው ጠቦ ሌሎቹ መስፋታቸው፣ ወይም የኮከቡ አንዱ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ በማየት ፈንታ ወደ ጎን ማዘንበሉ ነው። ምንም ጽሑፍ፣ የድርጅት ምልክት ወይም ፎቶ የታተመበትን አይግዙ። ሱቅዎ በር ላይ ፀሐይና ዝናብ ስለሚመታው ቀለሙ ነጥቶና ጫፉ ተተልትሎ ከማየትዎ በፊት በሌላ ይለውጡት፤ የተቀደደና የነጣ ሰንደቅ መስቀል በሕጉም የተከለከለ ነው።

ጥያቄ፦ «ልጆቼ፣ እኔ በዚህ ከተማ ሰባ ዓመት ኖሬያለሁ። በልጅነታችን ማታ 12 ሰዓት ጥሩምባው ሲነፋ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆም ነበር፤ ፈረስ ላይ ያለው ይወርዳል፣ መኪናውም ይቆማል፣ ባርኔጣ ያደረገ ያወልቃል። ዛሬ ባንዲራው ሲወርድ ማን ያየዋል? ሌላው ቅሬታዬ፣ የሐዘን ቀን ታውጆ ሳለ አንድ ጥበቃ ሰንደቁን ከታች አንስቶ በቀጥታ ምሰሶው መሐል ላይ አሰረው። እንዲህ ነው የሚደረገው?» (ከአራዳ)

መልስ፦ አባታችን፣ የጻፉልን ትዝታ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ በዕድሜ የሚስተካከሉዎት አንባብያን ሁሉ በአንድ ድምፅ ይመሰክሩታል። ይህንን ልማድ የሚያስቀጥል ሕግ ብቻ ሊሆን እንደማይችል እናምናለን፤ የቆመ ሰው ያየ ልጅ ነው የሚቆመው።

ደብዳቤዎን ካነበብሁ በኋላ ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ ከቢሯችን ማዶ ካለ አንድ ግቢ በር ላይ ቆሜ ተመለከትሁ። ጥበቃው ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ የገመዱን ቋጠሮ ፈታ። ገመዱን ሳይቸኩል ለቀቀለት፤ ጨርቁ መሬት ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው በግራ ክንዱ ተቀበለው፣ ከዚያም ሰብስቦ በደረቱ ላይ አደረገው። ረዳት ስላልነበረው ለብቻው ለማጠፍ ሲቸገር በር ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ተነስታ፣ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ሌላውን ጫፍ ያዘችለት። ሁለቱም ሳይነጋገሩ በርዝመቱ ሁለት ጊዜ አጠፉት። መንገደኛው ያልፍ ነበር፤ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሕፃናት ግን ቆመው ነበር፣ ሴትዮዋ እስክትቀመጥ ድረስም አልሄዱም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ ጥበቃው የሠራው ስሕተት ነው፤ ይሁንና ያስተማረው ሰው ባለመኖሩ እንጂ በንቀት አይመስለኝም። ብሔራዊ የሐዘን ቀን የሚታወጀው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ በሚያዝያ 2007 በሊቢያ ለተሠዉት ወገኖቻችን፣ በመጋቢት 2009 በቆሼ ለሞቱት፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ላይ ለጠፉት 157 ሰዎች፣ በሐምሌ 2016 ደግሞ በጎፋ የመሬት መንሸራተት ለሞቱት ሰንደቃችን ዝቅ ብሎ ተውለብልቧል። በእነዚህ ቀናት ሥርዓቱ ይህ ነው፦ ሰንደቁ በመጀመሪያ እስከ ምሰሶው ጫፍ ድረስ ይወጣል፣ ለአፍታ እዚያ ይቆያል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከታች ተነስቶ መሐል ላይ የቀረ ሰንደቅ ሰቃዩ የደከመበት ወይም ገመዱ የተያዘበት ይመስላል እንጂ ሐዘን አይመስልም፤ ሐዘኑ የሚታየው ከላይ ሆኖ ሲወርድ ነው። ማታም ሲወርድ በቀጥታ ከግማሹ አይወርድም፤ እንደገና እስከ ጫፉ ይወጣና ከዚያ ነው ወደ ታች የሚመጣው። ለዚያ ጥበቃ ይህንን ገጽ ቆርጠው ቢሰጡልን ደስ ይለናል፤ በምሰሶው ሥር ካለው የገመድ ማሰሪያ አጠገብ ቢለጠፍ ማታ ማታ ለሚተኩትም ይጠቅማል።